በ5.5 ሚሊሜትር የንፋስ ጠመንጃ ጥይት ሲቀየር ምቱ የሚበታተነው ለምንድን ነው? (አዳማ)

የአዳማው_ዒላማ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች ታጥፎ የሚቀባበል፣ በሞላ የሚሠራ 5.5 ነው። ርቀቱ 20 ሜትር፣ ድጋፉ አሸዋ የተሞላ ከረጢት። ሁለት ቆርቆሮ ጥይት አለ። አንዱ ድቡልቡል ራስ፣ 1.03 ግራም። ሌላው ሹል ራስ፣ 0.77 ግራም፣ ክዳኑ ላይ «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚል ጽሑፍ ያለበት። ከመጀመሪያው አምስቱንም ምት የአንድ ብር ሳንቲም ይሸፍናቸዋል። ከሁለተኛው የቡና ሲኒ አፍ አይበቃቸውም፤ ያውም ከመጀመሪያዎቹ በላይና ወደ ግራ ነው የሚያርፉት። ማነጣጠሪያው አልተነካም፣ ሰውየውም ያው ነው። ሹሉ ደግሞ በዋጋ ይበልጣል። ፈጣኑ የባሰው ለምንድን ነው? ሌላ ጥይት ልግዛ ብል በምን ልምረጥ?

ጋሽ_ሞላ፦

ርቀቱን፣ ክብደቱንና ድጋፉን ስለጻፍክ መልሱ አያስቸግርም ወንድሜ።

መጀመሪያ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ይዘህ ብርሃን ላይ እየው። ከፊት ራሱ፣ መሃል ላይ ቀጭን ወገቡ፣ ከኋላ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀሚሱ። ራሱ አፈሙዙ ውስጥ ባሉት ጥምዝ ፈሮች መካከል ያለውን ጉብታ እየታከከ ይሄዳል፤ ሥራው ጥይቱን መሃል ለመሃል መምራት ነው። ቀሚሱ ከራሱ ሰፋ ይላል። አየሩ ከኋላ ሲመታው ይነፋና ፈሩን ይሞላል፤ አየር እንዳያመልጥ የሚደፍነው እሱ ነው። ወገቡ የቀጠነው ክብደቱ ወደ ፊት እንዲያመዝንና አፈሙዙን የሚነካው ገላ እንዲያንስ ነው። እንግዲህ ቆርቆሮ ስትቀይር ክብደት ብቻ አልቀየርክም። የራሱ ስፋት፣ የቀሚሱ ውፍረት፣ የእርሳሱ ልስላሴ ሁሉም አብረው ተቀይረዋል።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይለቀዋል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ ያ አየር ጥይቱን ያስወጣል። ፒስተኑ ጉዞውን ሲጨርስ ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ብረት ለብረት እንዳይጋጭ የሚያደርገው ከፊቱ የቀረው አየር ነው፤ ትራስ ይሆነዋል። 0.77 ግራሙ ቀላል ነው። ራሱ ለአፈሙዙ ከላላ ደግሞ ግፊቱ በቅጡ ሳይወጣ ጥይቱ ቀድሞ ይሮጣል፣ አየሩም ተከትሎት ይወጣል። ትራስ የለም። ፒስተኑ ጫፉን ይመታል። «ጧ» የሚለው ደረቅ ድምፅ ከዚያ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ሰው የጉልበት ምልክት ይመስለዋል። ፒስተኑ ላይ ያለው ጎሚኒ የሚበላው፣ ሞላውም የሚሰበረው በዚህ ነው። ባዶውን መተኮስ የሚከለከለውም ምክንያቱ ይኸው ነው።

በጣም ከባዱም ሌላ ጣጣ አለው። 5.5 ላይ 1.3 ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥይቱ ለመነሳት ይዘገያል፣ ግፊቱ ያብጣል፣ ፒስተኑ ከአየሩ ላይ ወደ ኋላ ይነጥርና እንደገና ይገፋል። እርግጫው ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሆናል። እርግጫው የሚጀምረው ደግሞ ጥይቱ ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለ ነው፤ የዘገየ ጥይት ብዙውን እርግጫ አብሮ ይቀምሳል።

ለመካከለኛ የሞላ ጠመንጃ መነሻው ይህ ነው፦ 4.5 ላይ ከ0.49 እስከ 0.56 ግራም፣ 5.5 ላይ ከ0.91 እስከ 1.03 ግራም። ቆርቆሮው በግሬን ከጻፈ በ0.0648 አባዛው፤ 15.9 ግሬን 1.03 ግራም ይሆናል። አንተ ያለህ ድቡልቡሉ በላይኛው ወሰን ላይ ነው።

ቀስት፦

በክብደቱ እስማማለሁ ጋሼ። ግን ሹል ራስ አየሩን ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ ራቅ ሲል የተሻለ መሄድ የለበትም?

ሐይቅ_ዳር፦

ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ቀስት፣ ሐሳብህ ከድምፅ ለሚፈጥን ነገር ይሠራል። የንፋስ ጠመንጃ ጥይት ግን ከድምፅ በታች ነው የሚበረው፣ እዚያ ፍጥነት ላይ አየር የሚወደው ቅርጽ ድቡልቡል ነው። በተጨማሪ የሹሉ ጫፍ ችግር አለበት። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ቆርቆሮ ውስጥ ፍሬ ከፍሬ ሲጋጭ ጫፉ ይጎብጣል። ጥይቱ እየተሽከረከረ ነው የሚሄደው፤ ጫፉ ከመሃል ትንሽ ካፈነገጠ እንደ ተጣመመ እንዝርት እየዋዠቀ ይሄዳል። አሥር ፍሬ አውጥተህ ጫፋቸውን ተራ በተራ ብታይ አሥሩም አንድ ዓይነት አይሆኑልህም።

ስለ ሌሎቹ ቅርጾች፦

ጠፍጣፋ ራስ ለ10 ሜትር ወረቀት ነው። በኦሎምፒክ ከ1984 ሎስ አንጀለስ ጀምሮ የሚደረገው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር በ4.5 ሚሊሜትር ነው፤ የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋቷ 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ በወረቀት ዒላማ ሲተኮስ ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው የቀዳዳው ጠርዝ ታይቶ ነው። ጠፍጣፋው ወረቀቱን በወረቀት መብሻ እንደተበሳ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ድቡልቡሉ ግን ወረቀቱን ወደ ኋላ ይተረትረዋል፤ ጠርዙ ይቦጫጨቅና ቀዳዳው ከጥይቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። ከ20 ሜትር በኋላ ጠፍጣፋው ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል፣ 25 እና 30 ሜትር ላይ የምቶቹ ስብስብ ይከፈታል። ርቀት ላይ አትያዙት።

ጎድጓዳ ራስ ለወረቀት ምንም ጥቅም የለውም፣ አየር ይይዘዋል። ድቡልቡል ራስ ደግሞ ከ10 እስከ 50 ሜትር ለሁሉም ይሆናል። አንድ ዓይነት ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ይህንን ይግዛ።

ከእርሳስ ውጪ በቆርቆሮ ብረት ወይም በዚንክ የሚሠሩ ቀላል ጥይቶችም አሉ፤ በ4.5 ብዙዎቹ ከ0.3 ግራም ትንሽ ከፍ ይላሉ። የጠመንጃው ካርቶን ላይ «በሰከንድ 380 ሜትር» የሚል ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ የተለካ ነው። ድምፅ በሞቃት አየር በሰከንድ 345 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጥይቱ ከድምፅ ፈጥኖ ወጥቶ ወደ ታች ሲያልፍ ይናወጣል፤ ይህ ወገበ ቀጭን ቅርጽ ያንን አይችለውም። ጥሩ ስብስብ የሚገኘው በሰከንድ ከ270 ሜትር በታች ነው። የውድድር ጠመንጃ እንኳ 0.53 ግራሙን በሰከንድ በ170 ሜትር አካባቢ ነው የሚልከው፤ ጉልበቱም ወደ 7.5 ጁል ብቻ ነው።

ትንሿ_ሚዛን፦

ሰላም። ክብደትና ቅርጽ ተነሥቷል፤ እኔ ስለ ልክ ልጨምር፣ ምክንያቱም የአዳማው ወንድማችን ችግር እዚያ ያለ ይመስለኛል።

«5.5» የተባለ ጥይት ሁሉ 5.50 አይደለም። ጥሩ ቆርቆሮዎች ላይ የራሱ ስፋት 5.50፣ 5.51፣ 5.52፣ 5.53 እየተባለ ይጻፋል፤ በ4.5 ደግሞ ከ4.49 እስከ 4.53። የሚሊሜትር መቶኛ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ራሱ ጉብታውን መንካቱንና አለመንካቱን የምትወስነው እሷ ናት።

ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ማየት ይቻላል። ጠመንጃው ያልተቀባበለ መሆኑን አረጋግጡ። አፈሙዙን ሞላው እስኪያዝ ድረስ ሳይሆን ማጉረሻው እስኪታይ ብቻ እጠፉት፤ ወደ ላይ እንዳይወረወርና ጣት እንዳይሰብር አንድ ሰው አጥብቆ ይያዘው። አንድ ፍሬ አጉርሱና ከአፈሙዙ ጠበብ ባለ ለስላሳ የእንጨት ዘንግ ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ግፉት። ጨርቅ ላይ ይውደቅ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር፣ ካልሆነም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት።

ልኩ የሆነው ጥይት ራሱ ዙሪያ እንደ ጥፍር ጭረት ያሉ፣ እኩል የተራራቁ፣ እኩል ጥልቀት ያላቸው መስመሮች ይታዩበታል። ቀሚሱ ላይም ያው መስመር ሰፋ ብሎ ይቀጥላል። ራሱ ላይ ምንም መስመር ከሌለ ልል ነው፤ ጥይቱ በቀሚሱ ብቻ ተይዞ ራሱ እየተወዛወዘ ነው የወጣው። መስመሩ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ጋድሎ ነው የገባው። ራሱ ሁሉ ተፍቆ ከሆነ ጠባብ ነው፤ ጉልበት ይበላል፣ እርሳስም አፈሙዙ ውስጥ ይተዋል።

ስትገፉት እጃችሁ የሚነግራችሁም ነገር አለ። መነሻው ላይ ጠንከር ብሎ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው እኩል መሄድ አለበት። መሃል ላይ ድንገት ከለቀቀና ጫፉ ላይ ከጠበቀ ችግሩ የጥይቱ ሳይሆን የአፈሙዙ ነው።

ቀሚሱን ደግሞ መስታወት ላይ አንከባሉት። ጥይቱን በጎኑ አስተኝታችሁ መስታወቱን ትንሽ ዘንበል ስታደርጉት ቀሚሱ ከራሱ ስለሚሰፋ በቅስት ይዞራል። ደህናው ዝም ብሎ ይዞራል። ቀሚሱ የተጨፈለቀው እየደነቀፈው፣ እንደ ጎባጣ ጎማ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ያንን ለይታችሁ ማሟሻ አድርጉት።

ሚዛኑ ሦስተኛ ነው። የወርቅ ሠሪ ሚዛን፣ 0.01 ግራም የሚያነብ፣ ይበቃል። ከአንድ ቆርቆሮ 30 ፍሬ መዝናችሁ አብዛኞቹ በ0.01 ውስጥ ካረፉ ቆርቆሮው ደህና ነው። 0.03 እና 0.04 ከተራራቁ ገንዘባችሁን አትድገሙበት። ብዙ ሰው ከሚዛን ይጀምራል፣ የተጎዳ ቀሚስ ግን ከክብደት ልዩነት የበለጠ ምት ያበላሻል።

የአዳማው_ዒላማ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ዘንግ አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እዚህ አዳማ ቆርቆሮውና ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት አይገኝም ይባላል። እውነት ነው? ነፋሱስ ምን ያህል ይቆጠራል?

ነፋስ_ቆጣሪ፦

እውነት ነው፣ ግን ለሞላ ጠመንጃ ብቻ። ሞላው የሚጨምቀው በዙሪያው ያለውን አየር ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ፍጥነቱም ዝቅ ይላል። ጋሽ ሞላ ያሉት ትራስም ይሳሳል፤ ቀላል ጥይት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ጠመንጃ ይጎዳል። ቀድሞ በተሞላ የአየር ጋን የሚሠራ ጠመንጃ ግን የራሱን አየር ይዞ ስለሚመጣ ይህ አይነካውም።

በሌላ በኩል አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ በጉዞው ላይ የሚጥለው ፍጥነት ያንሳል። አዳማና ሐዋሳ ተቀራራቢ ስለሆኑ የአንዱ ማነጣጠሪያ ለሌላው ያገለግላል። መተሐራ ወርዶ የሚተኩስ ግን እንደገና ያስተካክል፤ እዚያ ወደ 950 ሜትር ነው።

ነፋሱን በቁጥር እንየው። የአዳማ ነፋስ የ51 እና የ153 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለ ነፋስ ነው፤ ለአንድ ግራም እርሳስ ቀላል አይደለም። ጥይቱን ወደ ጎን የሚገፋው በአየር ላይ የቆየበት ጊዜ ሁሉ ሳይሆን የዘገየበት ጊዜ ነው፤ ማለትም ፍጥነቱን ሳይጥል ቢሄድ ኖሮ ከሚፈጅበት በላይ የፈጀው። አንድ ድቡልቡል በሰከንድ በ230 ሜትር ወጥቶ 25 ሜትር ላይ 200 ቢደርስ መዘግየቱ 0.008 ሰከንድ ያህል ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ በሰከንድ 2.8 ሜትር ነውና፣ ሲባዛ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጠፍጣፋው በዚያው 230 ወጥቶ 175 ቢደርስ መዘግየቱ 0.016፣ መሸሹም ከ4 ሴንቲሜትር በላይ። 10 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ በሚሊሜትር ነው። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ ብቻ ፈትኖ «ሁለቱም እኩል ናቸው» ማለት አይቻልም።

አዳማ ላይ ጥይት የምትፈትን ከሆነ ማለዳ ፈትን። ሐዋሳም እንደዚሁ፤ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል። ዒላማው አጠገብ ቀጭን የፌስታል ቁራጭ በክር አንጠልጥል፤ ሲንቀሳቀስ ጠብቅ።

አወያይ፦

ስለ ወፍ መምታት የተጻፉ ሁለት መልሶች ተነሥተዋል። እዚህ የሚወራው ስለ ወረቀት ዒላማ ነው። ፈቃድን የሚመለከት ጥያቄ ያለው ሰው ጠመንጃውን ከመግዛቱም ሆነ ይዞ ከመንቀሳቀሱ በፊት የአካባቢውን ፖሊስ ይጠይቅ።

ቀስት፦

ነፋስ_ቆጣሪ፣ እነዚህን ፍጥነቶች ክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) የሌለው ሰው በምን ያውቃቸዋል?

ነፋስ_ቆጣሪ፦

በስልክ ይቻላል። ድምፅ የሚቀዳና ሞገዱን የሚያሳይ መተግበሪያ ይበቃል። ከመተኮሻው እስከ ማቆሚያው 20 ሜትር በሜትር ለካ። ስልኩን ከመስመሩ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ጎን አውጥተህ ልክ መሃሉ ላይ አስቀምጥ፤ የተኩሱም የምቱም ድምፅ እኩል ርቀት ስለሚመጣ የድምፁን ጉዞ መቀነስ አያስፈልግህም። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለውን ጊዜ አንብብ። 0.100 ሰከንድ ከሆነ አማካይ ፍጥነቱ 200 ሜትር ነው፤ 0.105 ከሆነ 190። አሥር ጊዜ ተኩስ። የሚያስፈልግህ አማካዩ ብቻ ሳይሆን በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ለምን ካልክ፦ በአማካይ 200 የሚሄድ ጥይት 25 ሜትር እስኪደርስ 7.7 ሴንቲሜትር ይወድቃል፣ 190 የሚሄደው 8.5። አሥር ሜትር የፍጥነት ልዩነት 8 ሚሊሜትር ከፍታ አበላሸብህ፤ ገና እጅህ ሳይነካው። 10 ሜትር ላይ ግን ያው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው። ስብስብህ ወደ ታችና ወደ ላይ የተዘረጋ ከሆነ የፍጥነት መዋዠቅን ጠርጥር፤ ወደ ጎን ከሆነ ነፋስን ወይም አያያዝን።

ጋሽ_ሞላ፦

ጥሩ ተብሏል። እንግዲህ የአዳማው ልጅ፣ ሌላ ቆርቆሮ ከመግዛትህ በፊት ጠመንጃውን አጥራ። ጥይቱ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ በሌላ ጥፋት ነው።

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትሽ፦ ከፊት በሰደፉ እንጨት ግራና ቀኝ ሁለት፣ ምላጩ ዙሪያ አንድ ወይም ሁለት። የሞላ ጠመንጃ እየተራገጠ ይፈታቸዋል። ሩብ ዙር የላላ ብሎን ሳንቲም የሚያህለውን ስብስብ ሲኒ ያደርገዋል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ አታጥብቀው፤ ሲይዝ በቃ።

ቀጥሎ አፈሙዙ ሲገጠም የሚደፍነውን ክብ ጎሚኒ እይ። ሶፍት በቀጭኑ ቅደድና መገጣጠሚያው ላይ አስተኛው፣ ከዚያ ጥይት አጉርሰህ ወደ ማቆሚያው ተኩስ። ሶፍቱ ከዘለለ አየር ያፈስሳል። አየር የሚያፈስስ ጠመንጃ በየምቱ ፍጥነቱ ይለያያል፣ የትኛውም ጥይት አያድነውም።

ሦስተኛ፣ አፈሙዙን አጽዳ። በክር ላይ የታሰረ ንጹሕ ጨርቅ ከማጉረሻው ወደ ጫፉ ጎትት፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። የብረት ብሩሽ አታስገባ። ዘይት አትጨምርበት፤ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ በጭምቁ ሙቀት ይነዳል፣ ጢስና ፍንዳታ ይሆናል፣ ፍጥነቱም አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ከጽዳት በኋላ ከ10 እስከ 20 ፍሬ ሳትቆጥር ተኩስ፤ አፈሙዙ እርሳሱን እስኪለምድ ምቱ ይንከራተታል።

አያያዝ ላይ አንድ ነገር። ሰደፉን በቀጥታ አሸዋው ከረጢት ላይ አታስተኛው። መዳፍህን ከረጢቱ ላይ፣ ጠመንጃውን መዳፍህ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፤ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ጠመንጃው እንደ ልቡ ይራገጥ፣ አትጨብጠው።

አጎራረስህም አንድ ዓይነት ይሁን። አውራ ጣት ጥይቱን ያጋድለዋል። የእስክሪብቶ ክዳን ድቡልቡል ጫፍ ወስደህ ቀሚሱ ከማጉረሻው ጠርዝ እኩል እስኪሆን ግፋው። አንዱን እኩል፣ አንዱን ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ካስገባህ ሁለት የተለያየ ፍጥነት ታገኛለህ።

ከዚያ ፈተናው፦ ለእያንዳንዱ ጥይት 10 ማለማመጃ፣ ከዚያ አምስት አምስት እያደረግህ ሦስት ወረቀት። አንድ ወረቀት ዕድል ሊሆን ይችላል። በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለካና 5.5 ቀንስ፤ የቀረው ከመሃል እስከ መሃል ያለው ርቀት ነው። የሦስቱን አማካይ ያዝ።

አንተ «በላይና ወደ ግራ አረፉ» ብለሃል። ያ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥይት ሲቀየር የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል፣ ማነጣጠሪያ ይመልሰዋል። ጥፋቱ መበታተኑ ነው።

ሐይቅ_ዳር፦

ጋሼ፣ በማለማመጃው ቁጥር ላይ ትንሽ ልለይ። የአንዱ ፋብሪካ ጥይት ቅባት ያለው፣ የሌላው ደረቅ ከሆነ 10 አይበቃም፤ የፊተኛው ቅባት ገና አፈሙዙ ውስጥ አለ። በዚያ ጊዜ ጨርቅ ጎትቶ 20 ማድረግ ይሻላል።

ጋሽ_ሞላ፦

ቅባቱ ከተለያየ ልክ ነህ። ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ ግን ጥይት ማባከን ነው፤ 10 ላይ እቆማለሁ።

ትንሿ_ሚዛን፦

ስለ ማቆሚያውና ስለ እጅ ማንም አልጻፈም። ማቆሚያው 40 በ40 ሴንቲሜትር የእንጨት ሳጥን ይሁን፤ ጀርባው 3 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ፊቱ ካርቶን፣ መሃሉ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ተጠቅጥቆ የተሞላ አሮጌ ጨርቅ። ጨርቁ በአንድ ቦታ ሲበላ አገላብጡት። ድንጋይ፣ ጠርሙስና ባዶ ላሜራ ላይ መተኮስ አይገባም፤ እርሳሱ ይመለሳል። መነጽር ከዓይን አይውለቅ። የብረት ኳስ ደግሞ ፈር ባለው አፈሙዝ ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ፈሩን ይፍቀዋል፣ ሲመለስም ኃይለኛ ነው።

እርሳስ መርዝ ነው፣ ለልጆች የባሰ። ጥይት በከንፈር መያዝ የተለመደ ነገር ነው፤ ተዉት። ከተኩስ በኋላ ምግብ ሳይነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ቆርቆሮው ውስጥ ነጭ ዱቄት ካያችሁ እርሳሱ ዝጓል፤ ዱቄቱን አታራግፉት፣ አትንፉት፣ እነዚያን ፍሬዎችም አትተኩሷቸው።

አጓጓዙም ጥይት ይገድላል። ግማሽ የሆነ ቆርቆሮ በባጃጅ ከፖስታ ቤት እስከ ገንደ ሀራ ቢሄድ ቀሚሱ ሁሉ ተቀጥቅጦ ይደርሳል። የሳህን ማጠቢያ ስፖንጅ በክዳኑ ልክ ቁረጡና ከላይ ሙሉት፤ ስታናውጡት ድምፅ አይስማ።

የአዳማው_ዒላማ፦

ሁሉንም በተባለው ቅደም ተከተል ሠርቼዋለሁ። የፊት ግራ ብሎን ላልቶ ነበር፣ ጠብቋል። ሶፍቱ አልተንቀሳቀሰም። በዘንግ ሲገፋ ድቡልቡሉ ራሱ ዙሪያ እኩል መስመር ወጥቶበታል፤ ሹሉ ግን ቀሚሱ ላይ ብቻ ነው መስመር ያለው፣ ራሱ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ማለዳ ላይ ሦስት ሦስት ወረቀት፦ ድቡልቡሉ 14፣ 17፣ 15 ሚሊሜትር። ሹሉ 41፣ 58፣ 46። ብሎኑ ሁለቱንም አሻሽሏል፣ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ድቡልቡሉ ላይ የተጻፈው 5.52 ነው። ያው 5.52 ከሌላ ፋብሪካ በርካሽ አለ፤ ልኩ አንድ ከሆነ ልውሰድ?

ትንሿ_ሚዛን፦

አትውሰድ፤ ቢያንስ አምስት ፍሬ ለምነህ በዘንግ ሳትገፋ አትውሰድ። የሹሉ ራስ ማብረቅረቁ ልል እንደነበር ያረጋግጣል። ግን የአንዱ ፋብሪካ 5.52 ከሌላው 5.52 ጋር ላይገጥም ይችላል፣ የቀሚሱ ውፍረትም ይለያያል። ጠመንጃህ ቀሚሰ ቀጭኑን ለምዶ ከሆነ ወፍራሙ ላይነፋለት ይችላል።

ጋሽ_ሞላ፦

እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። የሚስማማህን አግኝተሃል። የቆርቆሮውን ጀርባ ገልብጠህ የምርት ቁጥሩን ጻፈው፤ ሻጩ ጋ ያው ቁጥር ያለበት ካለ ሁለት ሦስት አንድ ላይ ውሰድ። ያው ስም፣ ያው ልክ ሆኖ ቁጥሩ ሲለወጥ ደግሞ ሦስት ወረቀት ተኩሰህ ከ14፣ 17፣ 15 ጋር አስተያየው። የሹሉን ቀሪ አትተኩሰው፤ ለጎሚኒው ጥሩ አይደለም።